ኋላ ማርሽ የሌለው ክረምት

ሜይ 27

የዘር ኩባንያው ሰው ኮፍያና ደብተር በነጻ ሲያድል ኮፍያውን ባሌ ድዌይን ወሰደ። ደብተሩን ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ደረሰ። እኔ ማስታወሻ የምይዝ ሴት አይደለሁም፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ግን ዛሬ የሆነውን ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ፤ ለከተማው ሰው ብናገር ደግሞ ጉራ ይሆንብኛል።

ደብዳቤ መጣ! ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ! ለልጄ ለተስ!

ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል። «ውድ ተስ» ይላል፤ «የውድድር ዘመንሽን በቅርብ ስንከታተል ቆይተናል። በዚህ ክረምት በምናዘጋጀው የመረብ ኳስ ካምፕ ላይ ተጋብዘሻል።»

ስንከታተል ቆይተናል! የኛን ልጅ! ነብራስካ ውስጥ መረብ ኳስ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዶሊ የምንላት ውሻችን የፖስታውን መኪና እየተከተለች ስትጮህ እኔም አብሬያት ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ተስ አነበበችውና «እሺ» አለች። ከዚያ ቁርሷን መብላት ቀጠለች። እሺ! ይኸው ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት የመጨረሻውን ክፍል ትጀምራለች። ኮሌጆች አይተው የሚመርጧት ዘንድሮ ነው፤ ዘንድሮ ካላዩዋት አለቀ። እኛ ደግሞ ያለ ኳሱ ኮሌጅ የምናስገባበት አቅም የለንም። ይህን እሷም ታውቃለች።

የካምፑ ዋጋ ከጀርባው ነው የተጻፈው፣ በትንንሽ ፊደል። ስድስት መቶ ሃምሳ ዶላር፣ ለሦስት ቀን። መኝታን ጨምሮ።

ለድዌይን ፒክአፕ ካምቢዮ ያስቀመጥነው ገንዘብ ልክ ያንኑ ያህላል። እንዲሁ አልኩ እንጂ ምንም ማለቴ አይደለም።

ሜይ 31

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ጃኔል ሩዝካ ያዘችኝ። ልጇ ብሪን ከተስ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ናት፤ ረጅም ናት፣ መቺ ናት፣ አዲስ ጫማ በየወሩ ነው። ጃኔል ክንዴን ይዛ «ማርላ፣ እናንተም ደብዳቤው ደረሳችሁ?» አለችኝ።

«ደረሰን» አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«እኛማ ዘንድሮ አራት ካምፕ ነው የምናዞራት። ምን ይደረግ፣ ለልጅ ነው!»

ፈገግ አልኩላት። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳህን ልመልስ ስሄድ ከመጋረጃው ጀርባ ለሌላ ሴት ስታወራ ሰማሁ፦ «ተስ እኮ ጎበዝ ናት፤ ቁመቱ ነው የጎደላት። ማርላ በከንቱ ተስፋ እንዳታደርግ እሰጋለሁ።»

ትስጋ! ተስ እኮ መቺ አይደለችም፤ ለመቺዎቹ ኳሱን የምታመቻች ናት። አመቻች ሆና ቁመት ምን ይሠራላታል? ያለሷ ብሪን አየር ነው የምትመታው።

አልቀናሁም። ሰው በሰው ልጅ አይቀናም። አራት ካምፕ!

ጁን 4

በጥድፊያ። የክረምት ትምህርት ልጆችን ላመጣ የአውቶቡሱ ሞተር እየሞቀ ነው።

ለድዌይን ትናንት ማታ አነሳሁለት። ባሌ ቀኑን ሙሉ የሰው ትራክተር ሲጠግን የሚውል ሰው ነው፤ የራሱ ፒክአፕ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ኋላ ማርሽ የለውም። ዕቃው ስለተወደደ ነው። «ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ መኪና ነው» ይላል። የትም ሲቆም አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ነው።

ደብዳቤውን አየና «ግብዣ ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ግብዣ ነው! አንብበው!»

«ታዲያ ግብዣ ከሆነ ለምን ይከፈላል? እኔ ሰው እራት ስጋብዝ ሂሳብ አላስከፍልም።»

«አንተ የኮሌጅ ስፖርት ምን ታውቃለህ?»

«እኔንጃ» አለ፣ «ስለ እራት ግን አውቃለሁ።»

ደሜ ፈላ። ይኸው እስከ አሁን አልበረደም።

ጁን 8

ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ጠየቅኳት፦ «ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«እማ፣ እዚያ ካምፕ ላይ ስንት ልጅ ነው የሚመጣው?»

«ምርጦቹ ብቻ።»

«ምርጦቹ ስንት ናቸው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ! ዓይን አፋርነቷ ነው። እንድንቸገርባት ስለማትፈልግ ነው። እናት ካልገፋች ማን ይገፋል?

ጁን 9

ከፈልኩ።

በስልኬ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጠዋት ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ። ካምቢዮው እስከ አሁን ቆይቷል፣ ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል? ደግሞ ስኮላርሺፕ ስታገኝ ድዌይን ራሱ ይስቃል።

ነገ እነግረዋለሁ።

ጁን 10

አልነገርኩትም። የሰው መከር ማጨጃ ማሽን ሥር ተኝቶ ነው የዋለው፤ ደክሞት ገባ። ነገ እነግረዋለሁ።

ጁን 16

ነገ እነግረዋለሁ። ዛሬ አማቴ እራት ላይ ነበሩ። ተስ በአያቶቻችን ቋንቋ አያቴ ለማለት «ባቢ» የምትላቸው ናቸው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንላቸው። ባቢ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

ተስ ቴምብር አለሽ ወይ አለችኝ። ሰጠኋት። ደግሞ «የዶሊ ልደት መቼ ነበር?» አለችኝ። ይህች ልጅ የምታስበው አይታወቅም።

ጁን 22

ዛሬ ድዌይን ባንኩ በር ላይ ተቀረቀረ። ከመኪና ሳይወርዱ የሚስተናገዱበት መስመር ላይ ገብቶ ከፊቱ ያለው መኪና ባትሪው ሞቶ ቀረ። ከኋላው ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ወደ ኋላ የማይል ነገር! ሰዎች ወርደው ገፉለት። የባንኩ ሴትዮ በመስኮት ስትስቅ ከተማው ሁሉ አያት።

እራት ላይ ራሱ እያሳቀ ነው ያወራው። ተስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳህን አጥባለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ምን ዓይነት ሴት ነኝ እኔ?

ጁላይ 6

የበቆሎ አበባ ነቀላ ተጀመረ። ለዘር የሚሆነው በቆሎ እርስ በርሱ እንዳይዳቀል አናቱ ላይ የወጣውን አበባ በእጅ መንቀል ነው፤ እያንዳንዱን አገዳ፣ መስመር በመስመር። እኛ ጋ ልጅ ሆኖ ይህን ያልሠራ የለም። እኔ ልጆቹን አደርስና ሜዳው ዳር አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ይኸው አሁን እዚያው ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጎህ ሲቀድ ጤዛው ልብስ ያስጠምቃል፤ ልጆቹ የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ከረጢት ቀደው ለብሰው ይገባሉ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይጠበሳሉ። ቅጠሉ ቆዳ ይፍቃል። ተስ ዘንድሮ የቡድን መሪ ናት። ጣቷ ቢቆረጥስ ብዬ ሁለት ጓንት ደርባ እንድታደርግ አደረግኳት፤ ለካምፑ ሁለት ሳምንት እንኳ የቀረ አይመስለኝም።

በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው። አንዱ ሌላውን አያይም። ስለዚህ ትጮሃለች። ከዚህ ሆኜ እሰማታለሁ፦

«ኦውን! ከኋላ ቀርተሃል! ማሬን፣ ያንቺ መስመር ላይ ሁለት ዘለልሽ፣ ተመለሽ! ካሌብ፣ ውኃ ጠጣ! ሊዲያ፣ አለሽ?»

«አለሁ!»

«ድምፅሽን አሰሚኝ እንጂ!»

ሁሉንም በስማቸው ነው የምትጠራው። ትናንት የመጡትን ሳይቀር። ድምጿ ጎርንኖ እንደ ወንድ ሆነ፤ ካምፑ ላይ በዚህ ድምፅ ምን ሊሏት ነው? ይህን ክረምት ኳስ ላይ ማሳለፍ ነበረባት። ጃኔል፣ ብሪን በቆሎ ውስጥ ገብታ አታውቅም አለችኝ፣ እጇን ስለምትጠብቅላት።

ሜዳው ዳር ተቀምጬ ስሜን የሚጠራው የሌለ እኔ ብቻ ነኝ። ሹፌር ነኛ። ማን ይጠራኛል?

ጁላይ 11

ምን ብዬ ልጻፈው?

ባቢ በዚህ ሙቀት ቺሊያቸውን፣ ያን የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ሠርተው መጡ። ትምህርት ቤት በበረዶው ወራት የሚሰጠንን ምሳ ነው በጁላይ ሐሩር የሚያበሉን። ሁላችን ተቀምጠናል። ተስ ተነሳችና ከኪሷ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ወረቀት አወጣች።

«ሌላ ደብዳቤ መጣ» አለች።

እኔ ዘልዬ ቆምኩ። «ከየት?»

«ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ። ላንብብላችሁ?» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ውድ ዶሊ፣ የውድድር ዘመንሽን በቅርብ ስንከታተል ቆይተናል።»

ዶሊ ስሟን ሰምታ ከጠረጴዛው ሥር ጅራቷን መሬቱ ላይ መታች።

«በዚህ ክረምት በምናዘጋጀው የመረብ ኳስ ካምፕ ላይ ተጋብዘሻል» አለች ተስ። «እማ፣ የካምፑን ቅጽ በዶሊ ስም ሞልቼ የላክሁት እኔ ነኝ። አልዋሸሁም። ዶሊ ኮቫሪክ ብዬ ነው። ቁመት ሁለት ጫማ። ልምድ፦ ኳስ ሲወረወርላት ትይዛለች፣ ግን አትመልስም።»

ድዌይን መሳቅ ጀመረ። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ፤ ባቢ ጀርባውን ይደበድቡታል። ባቢ ራሳቸው «ውሻዋ ኮሌጅ ልትገባ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ደግሞ ጭራሽ ወንበሩን ይዞ ተንፈራገጠ።

እኔ አልሳቅሁም። ቃል በቃል ያው ደብዳቤ ነው። የኔን ደብዳቤ ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንስቼ ጎን ለጎን አየሁት። ነጥቡ ሳይቀር አንድ ነው። የፊደሉ ቡናማ ቀለም ሳይቀር። ስንከታተል ቆይተናል!

ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ድዌይን መጣና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ከፍዬ ነበር» አልኩት። «የካምቢዮውን።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ባንኩ ለኔም ስልክ መልእክት ይልካል እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ነገ እነግረዋለሁ ስትዪ ሰማኋ። ማርላ፣ አንቺ ስትጽፊ ጮክ ብለሽ እያወራሽ ነው የምትጽፊው።»

በማርያም! ይህን ደብተር የሰማው ሰው ሁሉ ስንት ነው?

ጁላይ 12

ካምፑን ሰረዝኩ። ጥቂት ቆርጠው የቀረውን መለሱ። ድዌይን የካምቢዮውን ዕቃ አዘዘ፤ በኦገስት ይመጣል ተባለ።

ተስን አውቶቡስ ውስጥ ይዤ «ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነገርኩሽ። ምርጦቹ ስንት ናቸው አልኩሽ።»

«ያ መናገር ነው?»

«እማ፣ አንቺን እኮ ሰው አያስቆምሽም። አንዴ ከተነሳሽ እንደ አባዬ መኪና ነሽ።»

ጭንቅላቷን በኮፍያዋ መታኋት። ከዚያ እውነተኛውን አወጣችው፦ ሃርላን ክሪክ ኮሌጅ መግባት ነው የምትፈልገው። ወደ ምዕራብ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ስሙን ጃኔል ሰምታው አታውቅም። እኔም ብዙ አልሰማሁም። የኮሌጁ አሰልጣኝ በበረዶው ወራት ጂማችን መጥታ የላይኛው መቀመጫ ላይ ብቻዋን ፈንዲሻ ስትበላ እንደነበር ተስ ታስታውሳለች። እኔ አላየኋትም። የአንድ ቀን ካምፕ አላቸው፤ ተስ ራሷ ተመዝግባ ከበቆሎው ደመወዟ ከፍላለች።

«ምን ልታጠኚ ነው እዚያ?»

«የአፈር ሳይንስ።»

«አፈር? ደጃችን የሞላው ምንድን ነው ታዲያ?»

ሳቀች። እኔ ግን አላሳቀኝም። ሦስት ሰዓት! ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እኮ ለእራት ተመልሳ የምትመጣበት ቅርብ ነው።

ይህን የጻፍኩት ስለ መንገዱ ነዳጅ ነው እንጂ ስለ ሌላ አይደለም።

ጁላይ 19

ነቀላው አለቀ። የልጄ ድምፅም አለቀ። ስትናገር የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። ባቢ ማር በሎሚ አጠጧት።

ልጆቹ በመጨረሻው ቀን ተሸክመው ጭቃ ውስጥ ጣሏት። ኦውን የሚባለው አለቀሰ። ይህን ያህል ይወዷታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጁላይ 25

ተቀምጬ ሁሉንም ልጻፈው። ድዌይንም፣ ተስም፣ ዶሊም ተኝተዋል፤ በሹክሹክታ ነው የምጽፈው።

ገና ሳይነጋ በፒክአፑ ተነሳን፤ አውቶቡሱ የትምህርት ቤቱ ነውና ለኛ ጉዳይ አይነካም። ሦስታችን ፊት ተደርድረን፣ ዶሊ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ። ሃርላን ክሪክ ስንደርስ ድዌይን ማቆሚያውን ሁለቴ ዞረው። በቀጥታ የሚወጣበት ቦታ ፈልጎ አቆመና በራሱ ኮራ።

ጂሙ ትንሽ ነው። ጣሪያው ዝናብ ያስገባል፤ ጥግ ላይ ባልዲ አለ። በልቤ «ለዚህ ነው?» አልኩ። አሰልጣኟን ኮች ግዌን ይሏታል፤ ሃምሳ ያለፋት፣ ጉልበቷ ላይ ፋሻ ያሰረች ሴት። ሰላም ስትለን ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

ተስን ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ደረደሯት። ከሁሉም ታጥራለች። መጀመሪያ ላይ ዝም አለች። ዝም! የኔ ልጅ! ኳስ በሁለት ልጆች መሃል ወደቀ፤ ሁለቱም ቆመው አዩት። ደግሞ ሌላ ወደቀ። ተሸነፉ። ድዌይንን «ድምጿ ጠፍቷል፣ በቆሎው ነው ያጠፋው፣ እኔ ነኝ እዚያ የወሰድኳት» አልኩት። «እስቲ ዝም በይ» አለኝ። በዘመኑ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ውኃ ለመጠጣት ሲወጡ አየኋት። ከአንዷ ወደ አንዷ ትሄዳለች፤ ጠጋ ትልና የሆነ ነገር ትጠይቃለች፤ በከንፈሯ እየደገመች ወደ ሌላዋ ታልፋለች። ስማቸውን ነው የምትጠይቀው።

ሲመለሱ ድምጿ መጣ። ያ የጎረነነው፣ የበቆሎው ድምፅ።

«ኬንድራ፣ ያንቺ ነው! ሶንያ፣ ከኋላሽ! ጆሊን፣ ቀርተሻል፣ ነይ! አቢ፣ አለሽ?»

«አለሁ!» አለች ልጅቱ ደንግጣ።

«ድምፅሽን አሰሚኝ!»

ጂሙ በሙሉ ዞሮ አያት። ድዌይን በክርኑ ወጋኝና «በቆሎ ውስጥ ያለች መሰላት» አለኝ። ኳስ መሬት መንካቱ ቀረ። የማይተዋወቁ ልጆች አብረው ያደጉ ይመስል መሮጥ ጀመሩ። አሸነፉ፣ ደገሙ።

ያን ጊዜ ኮች ግዌን መጣችና ተስን በትከሻዋ ይዛ ወደ ሌላ ሜዳ ወሰደቻት፤ ደግሞ አዲስ ልጆች። ቀጣችብኝ ብዬ ልነሳ ስል ድዌይን በቀሚሴ ጎትቶ አስቀመጠኝ። ተስ ዞራ ስም ጠየቀች፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያም መጮህ ጀመረች። እዚያም አሸነፉ። ሴትዮዋ ደግሞ አነሳቻትና ከሁሉም ከደከሙት ጋር፣ ጠዋት አንድም ጨዋታ ካላሸነፉት ጋር ጨመረቻት። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ተስ «ስምሽ ማነው? ቀና በይ! ስምሽስ?» ስትል ሰማኋት። ያሸነፉት በአንድ ነጥብ ነው፤ ግን ሲያሸንፉ ተቃቅፈው ወደቁ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ እየጮህኩ እንደነበር ያወቅሁት ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እመቤት፣ ተቀመጪልኝ» ሲለኝ ነው።

የኔ ልጅ! የኔ አጭር ልጅ!

አሁን ደግሞ ጉዱ። ስንወጣ ከፒክአፑ ፊት አንድ ሰው ትልቅ መኪና ደቅኖ ሄዷል። ወደ ፊት መውጫ የለም፤ ወደ ኋላ ደግሞ ያው። ድዌይን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔና እሱ መግፋት ጀመርን፤ ንቅንቅ አይልም። ኮች ግዌን ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ኋላ ማርሽ የለውም» አለ ድዌይን፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

አየችው። መኪናውን አየችው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ከኮፈኑ ጎን ትከሻዋን ሰጠች። በዚያ ጉልበቷ!

ድዌይን መሪ ያዘ፤ እኔና ኮች እንገፋለን፤ ተስ ከኋላ ቆማ ታዛለች። «አባዬ፣ መሪውን ወደ ግራ! እማ፣ ግፊ! በቃ በቃ፣ ቀጥ አርገው! ግዌን! ያንቺ ጎን ቀርቷል፣ ግፊ እንጂ!»

ኮች የለ፣ ምን የለ። ግዌን! ተስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ያላለች ሴት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

መኪናው ሲወጣ ትንፋሽዋን እየሰበሰበች ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «የሚዘሉ ልጆች ሞልተውልኛል። ዝም ሲሉብኝ ነው የምሞተው። ይህን መጮህ ማን አስተማራት?»

«በቆሎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

«እደውላለሁ» ብላ ሄደች። እነዚህ ሰዎች ሁሉ እደውላለሁ ይላሉ። ከዶሊ በኋላ የማንንም ቃል አላምንም።

ጁላይ 30

አልደወለችም።

ነዳጅ ማደያው ጋ ጃኔልን አገኘኋት። ዓይኗ ያበጠ ነው። ብሪን ከሦስተኛው ካምፕ ተመልሳ አራተኛውን አልሄድም ብላለች። «ልጁ እንደ አሸዋ ነው ማርላ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ አሰልጣኝ ስሟን አልጠራትም። ‹አንቺ ባለ ሰማያዊዋ› ነው ያሏት።»

ስለ ዶሊ ደብዳቤ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ጊዜ በልቤ ተለማምጄዋለሁ! ግን ዋጥኩት። «ለእራት ኑ» አልኳት። «ሂሳብ አይከፈልም።» አልገባትም፤ ግን እሺ አለች። ብሪን ጎበዝ ልጅ ናት፤ ደግሞ ሃርላን ክሪክ መቺ ያንሳቸዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ነገርኳት።

ኦገስት 2

ስልኩ ዝም። ተስ ግድም የላት፤ ደጅ ላይ ኳሱን ከግድግዳ ጋር ታማታለች። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። ያ ድምፅ በሚመጣው ዓመት አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ምን አባቴ ያሳስበኛል ብዬ ሰዓቱን አየሁ።

ኦገስት 4

ደወለች! ደወለች! ደወለች!

የቤቱ ስልክ ነው የጮኸው፤ አንስቼ «ሃሎ» ስል «ተስ አለች?» አለ ድምፁ።

«ማን ልበላት?»

«ግዌን በያት።»

«ኮች! ይቅርታ፣ ያን ቀን ልጅቷ...»

«ተዪው» አለችኝ። «የራሴ ተጫዋቾች ጮክ ብለው ሊጠሩኝ የሚፈሩኝ ሴት ነኝ። እሷን ሳልይዝ የምለቃት ይመስልሻል? በበረዶው ወራት እናንተ ጂም መጥቼም አይቻታለሁ። አገናኚኝ።»

ተስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። «አዎ» አለች። «አዎ።» ከዚያ «የአፈር ሳይንሱንም?» አለች። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች። ቦታ ሰጧት። የትምህርቱን ክፍያ አብዛኛውን እነሱ ይችሉታል።

የጮህኩትን ጩኸት ከጎረቤት እርሻ ሰው ሰምቶ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ባቢ አማተቡ፣ ደግመው አማተቡ፣ ከዚያ «ውሻዋስ?» አሉ። ድዌይን ከጋራዡ እጁ በግሪስ ተጨማልቆ ሮጦ ገባና በዚያው እጁ ሁላችንንም አቀፈን። ሸሚዜ ላይ የእጁ አሻራ አለ። አላጥበውም።

ኦገስት 9

ካምቢዮው ገባ። ድዌይን ማታ ላይ ሞተሩን አስነሳና ወደ ኋላ ሄደ። ብቻ ወደ ኋላ! ከጋራዡ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ወደ ኋላ፣ ጥሩምባውን እያስጮኸ። ባቢን ፊት አስቀምጧቸዋል፤ ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ተክለው ይጸልያሉ። ተስ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ቆማ ትመራዋለች፦ «አባዬ፣ ግራ! አባዬ፣ አጥሩ! ዶሊ፣ ከመንገድ ዞር በይ!»

ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ለዶሊ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ቦታው እየሞላ ነው፣ ፍጠኚ ይላታል። ዶሊ ሌላ ዕቅድ አላት ብዬ መልሼ እጽፍላቸዋለሁ።

እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ልጄን ከኋላ፣ ፀሐይዋን ከልጄ ኋላ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ይሄው ጻፍኩት፣ ጮክ ብዬ ነው፣ ይስሙኝ፦ ትናፍቀኛለች። ገና ሳትሄድ ናፍቃኛለች። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጣበቅኩት ለእራት ትመለሳለች ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። እሺ፣ ለጃኔልም ትንሽ።

መኪናው እንደገና ወደ ቤት ዞሮ ሊነሳ ሲል ያ የጎረነነ ድምፅ ግቢውን አቋርጦ መጣ።

«ማርላ ኮቫሪክ! ከኋላ ቀርተሻል!»

«እናትሽ ነኝ እኮ!» አልኳት።

«ድምፅሽን አሰሚኝ! አለሽ?»

«አለሁ!» አልኩ። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጥኩ፤ እጇን ዘርግታ መኪናው ላይ ስባ አወጣችኝ።